ለጎንደር ከፍታ ሞተር ይቀየር ወይስ ፕሮፔለር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጎንደር የምኖር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከፎም የሠራሁት በሬዲዮ የሚታዘዝ አውሮፕላን አለኝ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 20 ሳንቲሜትር ነው፤ ባትሪውን ጨምሮ 900 ግራም ይመዝናል። የገጠምኩለት ኤ2212 የሚባለው ባለ 1000 ኬቪ ሞተር፣ 8 በ4 ፕሮፔለር፣ የ30 አምፔር ፍጥነት መቆጣጠሪያ እና ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ሊፖ ባትሪ ነው። ንድፉን ያገኘሁበት ቪዲዮ ላይ ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው በዚሁ ዕቃ ሽቅብ ሲያወጣው አይቻለሁ። የእኔ ግን ከእጅ ሲለቀቅ ጥቂት ሄዶ ይወርዳል፤ አፍንጫውን ቀና ላድርገው ስል አንድ ክንፉን ጥሎ ይወድቃል። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። አንድ ሻጭ 2200 ኬቪ ሞተር ውሰድ፣ ካለህ እጥፍ ይበረታል ብሎኛል። ልግዛው?»

ምላሽ፦ ሞተሩን አትግዛ። አሁን በእጅህ ያለው ሞተር ሊሠራ ከሚችለው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው እየሠራ ያለው፤ የሚመጥነው ፕሮፔለር አልተሰጠውም። መጀመሪያ የምትገዛው ለኤሌክትሪክ ሞተር የተሠራ 10 በ5 ፕሮፔለር ነው። ዋጋው ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በሚተርፍህ ገንዘብ ደግሞ ዋት መለኪያ ግዛ። ምክንያቱን በዝርዝር እነግርሃለሁ፤ እርሱን ከያዝህ ለሚቀጥለው አውሮፕላንህ ራስህ ትመርጣለህ።

ነገሩ የሚጀምረው ከምንተነፍሰው አየር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከመተማ ቆላ መጥታ እዚህ ጎጆ የወጣች ሴት ባቄላው አልበስል ሲላት ማገዶውን ታማርራለች። ጥፋቱ ግን የከፍታው ነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እህሉ ጊዜ ይፈልጋል። የእርሷን ድስት የሚያዘገየው የአየር መሳሳት ያንተንም አውሮፕላን ይጥለዋል። በባሕር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጎንደር ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት ስናሰላው 0.93 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሩብ ያህሉ ጎደለ ማለት ነው። የአዲስ አበባው ቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አንደኛው መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ርዝመት አለው፤ ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም በሳሳ አየር ለመነሣት ረጅም መንገድ መሮጥ አለባቸው። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ ስለዚህም አልነገረህም።

የሳሳው አየር ሦስት ቦታ ይነካሃል። አንደኛው ክንፉ ነው። ያንተ ክንፍ ስፋቱ 24 ካሬ ዴሲሜትር ነው፤ 900 ግራም ለመሸከም በባሕር ወለል ላይ ቢያንስ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ሲበቃው እዚህ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ከዘገየ አየር መያዝ ያቅተውና ክንፉን ይጥላል፤ የነገርከኝ አወዳደቅ ልክ ይህ ነው። ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ነው፤ በዚያው ዙር ቢሽከረከርም የሚስበው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሦስተኛው ሞተሩ ነው፤ በዚህ በኩል ዜናው መልካም ነው። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስለቀለለ ሞተሩ ላይ ያለው ጭነትም ቀለለ፤ ከባትሪው የሚወስደው ኤሌክትሪክም አነሰ። እንግዲህ ባሕር ዳርቻ ላለው ሰው ከአቅም በላይ የሚሆን ትልቅ ፕሮፔለር ላንተ ሞተር ልክ ሊሆን ይችላል። አየሩ የወሰደብህን በፕሮፔለር ስፋት ታስመልሳለህ፤ ሞተሩም ከዚያ በላይ የሚሰጥህ አለው።

አሁን ወደ ሻጩ ምክር ልምጣ። ኬቪ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ምንም ሳይሸከም በአንድ ቮልት ስንት ዙር በደቂቃ እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር ነው። ባለ 1000 ኬቪው በባለ 3 ሴል ባትሪህ 11.1 ቮልት ባዶውን ወደ 11,100 ዙር፣ ባለ 2200ው ወደ 24,400 ዙር ይሮጣል። የሁለቱም የብረትና የመዳብ መጠን አንድ ስለሆነ ሳይቃጠሉ የሚሸከሙት ኃይል ተቀራራቢ ነው። ልዩነታቸው እንደ ብስክሌት ማርሽ ነው፤ አንዱ ለዳገት፣ ሌላው ለሜዳ ይመቻል። ለባለ 2200ው የሚስማማው 6 ኢንች ያህል ትንሽ ፕሮፔለር ነው። በእኛ አየር 6 በ4 ፕሮፔለር ከ110 ዋት በላይ እየበላ ከ400 ግራም እምብዛም የማይበልጥ ስበት፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚጎትት ጉልበት፣ ይሰጥሃል። ያ ደግሞ አሁን በ70 ዋት ከምታገኘው የተሻለ አይደለም። ለትንሽና ለፈጣን አውሮፕላን ጥሩ ነው፤ ላንተ ዓይነት ሰፊ ክንፍ ላለው የመለማመጃ አውሮፕላን ግን አይሆንም። «እንግዲያው በ8 ኢንቹ ላዙረው» ካልህ ከ20 አምፔር በላይ ይጠይቅና 50 ግራም ገደማ የሚመዝነውን ሞተር ያበስለዋል።

ይህን የምልህ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት እኔም እንዲሁ ትልቁ ቁጥር ትልቅ ጉልበት ነው ተብዬ ባለ 2200 ኬቪ ሞተር ገዝቼ ከነበረው ፕሮፔለር ጋር ገጠምኩት። ጠረጴዛ ላይ አስሬ ሙሉ ኃይል ስሰጠው ድምፁ ያስደስት ነበር። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መጣ። ኃይሉን ቆርጬ ስፈታው መዳቡ ከወርቃማ ወደ ጥቁር ቡናማ ተለውጦ ነበር። የሦስት ሳምንት ደመወዜን ያወጣሁበት ነበርና እስከ ዛሬ ሽታውን አልረሳውም።

እንግዲህ ስለ ፕሮፔለሩ እንነጋገር፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። «8 በ4» ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት በኢንች ነው። ሁለተኛው ፒች የሚባለው ነው፤ ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠንካራ ነገር ውስጥ ቢሰረስር በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደ ፊት እንደሚገባ ያሳያል። ርዝመቱ ስበትን፣ ፒቹ ፍጥነትን ይሰጣል ብለህ ብትይዝ ብዙ አትሳሳትም። ፕሮፔለሩ ከሞተሩ የሚጠይቀው ኃይል በርዝመቱ አራተኛ ደረጃ (ርዝመቱ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ)፣ በፒቹ ልክ እና በዙሩ ሦስተኛ ደረጃ ያድጋል። ከ8 በ4 ወደ 10 በ5 ስትሄድ በእኩል ዙር ቢሆን ጭነቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ግን ሲከብደው ዙሩን ስለሚቀንስ በመጨረሻ እጥፍ አካባቢ ላይ ይረጋል። በፕሮፔለር ላይ አንድ ኢንች ቀላል ነገር አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ላንተው ሞተርና ባትሪ፣ ለጎንደር አየር አስልቼልሃለሁ። ስሌት ስለሆነ አንተ ስትለካው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ንጽጽሩ ግን አይናወጥም። አሁን ያለህ 8 በ4 ወደ 6.5 አምፔር፣ ማለትም 70 ዋት ገደማ ወስዶ 450 ግራም ያህል ይስባል። ለ900 ግራም አውሮፕላን የክብደቱ ግማሽ ነው፤ ከመሬት ሊያነሣው ይታገላል እንጂ አያወጣውም። ባሕር ዳርቻ ያለው ሰው በዚያው ፕሮፔለር 560 ግራም ያህል ያገኛል፤ ክንፉም ቀስ ብሎ መብረር ስለሚችል ይበቃዋል። 9 በ4.5 ብታደርገው በ9 አምፔር ገደማ 630 ግራም ያህል ታገኛለህ። 10 በ5 ደግሞ ወደ 13 አምፔር፣ 140 ዋት ገደማ ወስዶ ወደ 800 ግራም ይሰጥሃል። የመለማመጃ አውሮፕላን በደንብ እንዲበር በኪሎ ግራም ክብደት ከ150 ዋት በላይ ቢኖረው ይመከራል። አንተ በ78 ላይ ነበርህ፤ ሞተር ሳትቀይር ወደ 155 ትደርሳለህ።

9 በ6ም አለ። ወደ 11 አምፔር ወስዶ በቆመበት የሚስበው ከ9 በ4.5 ብዙም አይበልጥም፤ ፒቹ ስለሚበልጥ ግን አየሩን በፍጥነት ይወረውራል። ፍጥነቱን ለማወቅ ዙሩን በፒቹ አባዛና በ0.0015 አባዛው፤ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል። 10 በ5 በ8,700 ዙር 65 ኪሎ ሜትር፣ 9 በ6 በ9,100 ዙር 82 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። ይህ ቁጥር አውሮፕላኑ ከሚወድቅበት ፍጥነት ሁለት እጥፍ ተኩል አካባቢ ሲሆን ደስ ይላል። ያንተ መውደቂያ ፍጥነት 31 ስለሆነ 10 በ5 ሁለት እጥፍ ላይ ነው። ለመነሣትና ለመውጣት ግሩም ነው፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ይፈዝዛል። 9 በ6 ሲነሣ ይሰንፋል፣ ነፋስን ግን ይደፍራል። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ሁለቱንም እገዛለሁ፤ አንድ ቀን ፕሮፔለር መስበርህ ስለማይቀር ትርፉ ይጠቅምሃል። የመጀመሪያ በረራህን በ10 በ5 አድርግ።

ስትገዛ ቅርጹን አስተውል። ለዝግተኛ በረራ የተሠሩት ፕሮፔለሮች ሰፊና ስስ ናቸው፤ ሲጫኑ ይጣመማሉ። ታዋቂው የአሜሪካ ፕሮፔለር አምራች ኤፒሲ ለዝግተኛ በረራ ምርቶቹ የፈቀደው ከፍተኛ ዙር 65,000ን በኢንች ርዝመቱ አካፍሎ የሚገኘውን ነው። ለ10 ኢንች 6,500 ዙር መሆኑ ነው። ያንተ ሞተር 8,700 ሊሄድ ስለሚችል ያንን ዓይነት ብትገጥም ጫፉ ተገንጥሎ የሚወረወረው ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በላዩ ላይ ለኤሌክትሪክ ሞተር መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ያለበትን፣ መሐሉ ወፈር ያለውንና በእጅ ስታጥፈው እሺ የማይለውን ምረጥ። ባለ ሁለት ምላስ ይሁን፤ ባለ ሦስት ምላሱ ያምራል እንጂ ላንተ ሥራ አይረዳም።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ተመልከት። ፕሮፔለሩ ተገልብጦ ተገጥሞ እንዳይሆን። ቁጥሩ የተጻፈበት ፊት አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማየት አለበት። ተገልብጦም ይስባል፣ አየርም ይወረውራል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስበቱ ግን በእጅጉ ይወድቃል። ሞተሩ በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ ከሦስቱ ገመዶች ማናቸውንም ሁለቱን አለዋውጥ እንጂ ፕሮፔለሩን አትገልብጥ። ሁለተኛው፣ መቆጣጠሪያው የሬዲዮህን ማንሻ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ከፍና ዝቅ የምታደርግበትን፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታ ማወቁን አረጋግጥ። አለበለዚያ አንተ ሙሉ ሰጠሁ ስትል እርሱ ሰባ በመቶ ላይ ያቆማል። ፕሮፔለሩን ፈትተህ፣ ማንሻውን እስከ ጫፍ ከፍ አድርገህ ባትሪውን ሰካ፤ የማረጋገጫ ድምፁን ስትሰማ እስከ ታች አውርደው። ሦስተኛው ባትሪው ነው። በሙሉ ኃይል ሲሠራ የእያንዳንዱ ሴል ቮልት ገና ከመሞላቱ ከ3.5 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል፤ ምንም ፕሮፔለር ብትቀይር አይረዳህም።

አሁን መለካት። የእኔን የስበት መለኪያ የሠራሁት ከባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። እኩል 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች ወስደህ በቀጥተኛ ማዕዘን አጋጥመህ በሚስማር ምታቸው፤ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይተኛል። ማዕዘኑን በበር ማጠፊያ ከወፍራም መሠረት ላይ እሰረው፤ መሠረቱንም ጠረጴዛው ላይ በማጥበቂያ አጥብቀው። ከቆመው ጫፍ ላይ ሞተሩን ግጠም። የተኛው ጣውላ ሞተሩ ወደሚስብበት አቅጣጫ ይዘርጋ፤ ጫፉም ከወጥ ቤት ሚዛን ላይ ይረፍ። ሞተሩ ወደ ፊት ሲስብ የተኛው ጣውላ ሚዛኑን ይጫናል፤ አየሩም ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሚዛኑን አይነካውም። ሁለቱ ክንዶች እኩል ስለሆኑ ሚዛኑ ላይ የምታነበው ግራም ራሱ የስበቱ ግራም ነው። ከመጀመርህ በፊት ሚዛኑን ዜሮ አድርገው። በርበሬ የሚመዘንበት ሚዛን ከሆነ እናትህን አስፈቅድና በላስቲክ ሸፍነው፤ የፕሮፔለር ንፋስ የበርበሬ ብናኝ ካነሣ ዓይን አያስከፍትም።

አምፔሩን የምታነበው በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል በምትሰካው ዋት መለኪያ ነው። በተለመደው ቴስተር እንዳትለካ። ብዙዎቹ እስከ 10 አምፔር ብቻ ነው የሚችሉት፤ 13 ሲመጣ ፊውዛቸው ይቃጠላል፣ ፊውዝ የሌላቸውማ ራሳቸው ይጨሳሉ። ከፕሮፔለሩ ጎን በፍጹም አትቁም፤ ከኋላ ሁን። ሌላ ሰው ካለ እርሱም ከኋላህ ይሁን። 10 ኢንች ፕሮፔለር በ8,700 ዙር ጫፉ በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚሄደው፤ ጣት አጥንቱን ጨምሮ ይወስዳል። ማንኛውንም ነገር ከመንካትህ በፊት ባትሪውን ንቀል።

ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ሙሉ ኃይል ሰጥተህ ቁጥሩን ጻፍ። ለዚህ ሞተር አብዛኛው ዝርዝር መግለጫ የሚሰጠው ወሰን 12 አምፔር ለ60 ሰከንድ ነው። 10 በ5 ከ12 እስከ 13 ካሳየህ ተጠቀምበት፤ በበረራ ላይ ፕሮፔለሩ ስለሚቀለው ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ሙሉ ኃይል ግን ለመነሣትና ለመውጣት ብቻ ይሁን፤ ከወጣህ በኋላ ማንሻውን ወደ ሁለት ሦስተኛ መልሰው። ከ14 በላይ ካሳየህ ወይ በሬዲዮህ ላይ ከፍተኛውን ወሰን ቀንስ፣ ወይ ወደ 9 በ6 ውረድ።

ካቆምህ በኋላ ሞተሩን በጣትህ ያዘው። ሦስት ሰከንድ መያዝ ካልቻልህ ከ60 ዲግሪ አልፏል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ያስፈልግሃል። ተራዎቹ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ከ80 ዲግሪ በላይ ኃይላቸውን ማጣት ይጀምራሉ፤ የጠፋውም ሲቀዘቅዝ አይመለስም። በእኛ ከፍታ ማቀዝቀዣው አየርም ራሱ ሳስቷል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ያለው ሰው ለሞተሩ የሚተውለት ቀዳዳ ላንተ ሰፋ ማለት አለበት። መግቢያውን ከፊት፣ መውጫውን ከኋላ አድርገው፤ መውጫው ከመግቢያው ይስፋ።

ርካሽ ፕሮፔለር ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጎኑ እኩል አይመዝንም፤ ይህን ሳታስተካክል ከገጠምኸው ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ብሎኖቹንም ያላላል። ማስተካከያው የቤት ዕቃ ነው። ሁለት ሲኒ ደፍተህ እኩል ቁመት እንዲኖራቸው አድርግ። የፕሮፔለሩን ቀዳዳ ልክ የሚሞላ ክብ እንጨት ጠርበህ መሐሉን ረጅም ቀጥ ያለ መርፌ አሳልፍበት። መርፌውን በሁለቱ ሲኒዎች ቂጥ ላይ አሳርፈህ ፕሮፔለሩን አግድም አድርገህ ልቀቀው። ከባዱ ጎን ቀስ ብሎ ይወርዳል። በቀላሉ ጎን ጀርባ ላይ ትንሽ የስኮች ፕላስተር ለጥፍ፤ ወይም የከባዱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ሞርድ። አግድም አድርገህ ስትለቀው በዚያው ሲቆም አበቃ። የመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይወስድብህ ይሆናል፤ በኋላ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንዳንዱ ሰው ይህን ይዘለዋል። እኔ አልዘለውም፤ የሚንቀጠቀጥ ሞተር በፎም ላይ በትኩስ ሙጫ የተያያዘን ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ያላቅቃል።

ታዲያ ሞተር የሚቀየረው መቼ ነው? አውሮፕላንህ ከ1.2 ኪሎ ሲያልፍ፣ ወይም ኩሽኔታው ሲጮህና መዳቡ ሲጠቁር። ያን ጊዜ 2216 ባለ 900 ኬቪ ገደማ ፈልግ፤ ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል፣ 10 ኢንች ግን ሳይጨነቅ ያዞራል፣ ያለህ የ30 አምፔር መቆጣጠሪያም ይበቃዋል። ስትገዛ ስሙ እንዳያሳስትህ። አንዳንድ አምራች የውስጡን ብረት፣ አንዳንዱ የውጩን ቆብ ነው የሚለካው። 2212 የውስጡ ብረት 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 12 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። 2830 ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው መጠን ያለው ሞተር በውጭ ልኩ ተጠርቶ ነው። «ከ2212 ወደ 2830 አሳደግሁ» ብሎ ያንኑ ሞተር ሁለት ጊዜ የገዛ ልጅ አውቃለሁ። ስለዚህ ክብደቱን ጠይቅ፤ 50 ግራም ከሆነ ያው ነው።

ወደ 4 ሴል ባትሪ መሄድም አለ የሚሉህ ይኖራሉ። ዙሩ በሲሶ ሲጨምር ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ኃይል ከሁለት እጥፍ ያልፋል፤ በ10 በ5 ይህን አታድርግ። ሞተሩን ስትገጥም ደግሞ ብሎኖቹ እንዳይረዝሙ ተጠንቀቅ። ከታች ገብተው መዳቡን ከነኩ ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን ይሞታል።

ክብደትን አትርሳ። ከ900 ግራም 100 ግራም ብትቀንስ ከየትኛውም ሞተር የበለጠ ይጠቅምሃል። የመጀመሪያው እጩ ጎማው ነው፤ ሣር ላይ የምታሳርፍ ከሆነ ፈትተህ በሆዱ አሳርፈው። ካልፈታኸው ግን አዲሱ ፕሮፔለር ከመሐሉ ወደ ታች 12.7 ሳንቲሜትር ስለሚወርድ፣ የድሮው ደግሞ 10.2 ስለነበር፣ እግሩን በዚያው ልክ ማስረዘም ግድ ይሆንብሃል።

በረራው በማለዳ ይሁን። 10 ዲግሪ ባለበት ጠዋት አየሩ ከ28 ዲግሪው ቀትር በ6 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ወደ ደንቢያ ሜዳ መውረድ ከቻልህ ደግሞ ጣና 1,788 ሜትር ላይ ስለሆነ ሌላ ጥቂት በመቶ ትጨምራለህ። ነገር ግን ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚጠይቁትን አሟላ፤ የቀበሌህና የአካባቢህ የጸጥታ ሰዎችም አስቀድመው ይወቁ። በዚህ ጊዜ ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር የሰውን ልብ ያስደነግጣል፤ አንተንም አደጋ ላይ ይጥልሃል። ወረቀቱ በእጅህ እስኪገባ ድረስ ጠረጴዛ ላይ መለካትህን ቀጥል፤ ያም ራሱ ግማሹ ትምህርት ነው። በአዘዞ አየር ማረፊያ አካባቢም፣ በፋሲል ግንብ ላይም፣ ሰው በተሰበሰበበት ቦታም በፍጹም አታብር።

የመጀመሪያው ቀን ጓደኛህ ይወርውርልህ፤ አንተ ሬዲዮውን ያዝ። ነፋስ ፊት ለፊት ይሁን። ማንሻውን ሙሉ ስጥ፣ ሞተሩ እስኪረጋ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ አግድም፣ በጣም ትንሽ ብቻ ቀና አድርጎ ይግፋው እንጂ ሽቅብ አይወርውረው። የወርዋሪው እጅ ከፕሮፔለሩ ኋላ ከክንፉ ሥር ይሁን። ሲለቀቅ አፍንጫውን ወዲያው አታንሣ፤ ሦስትና አራት ሰከንድ ፍጥነት እንዲሰበስብ ተወው። በእኛ አየር ያቺ 31 ኪሎ ሜትር በሰዓት የግድ መሞላት አለባት። የለካኸውን አምፔርና ግራም ከነፕሮፔለሩ ቁጥር ጻፍልኝ፤ 10 በ5 ከ14 በላይ ካሳየህ ባትሪውንና የሞተሩን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ጨምርበት።